«ምን አገባህ?»፦ የናይሮቢ ሰፈሮች ከአልሚዎች ጋር የተሟገቱበት ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ሆነዋል። «የተከራየነው ግቢ ሊፈርስና ፎቅ ሊሠራበት ነው። ልቀቁ ተባልን። ስደተኛ ስለሆንን ዝም ብለን ዕቃችንን እንጫን ወይስ የምንለው ነገር አለ?» ይላሉ። ኢስሊና አካባቢዋ አሮጌ ግቢ ፈርሶ በቦታው ብዙ ፎቅ ሲቆም ማየት የተለመደ ነው። ብዙዎቻችን ለራሳችን የምንሰጠው መልስም የተለመደ ነው። «እኛ መንገደኞች ነን፤ ፕሮሰሳችን እስኪያልቅ ነው» እንላለን። ፕሮሰሱ ግን ለአንዳንዶቻችን አሥር ዓመት ሞላው፤ ለአንዳንዶቻችን አሥራ አምስት። እዚሁ የተወለዱት ልጆች ከአማርኛ በፊት ስዋሂሊ ይቀናቸዋል።

የታሪክ አስተማሪ ነኝና በታሪክ ልመልስ። በዚህች ከተማ የሰፈር ሰው ከአልሚና ከመንግሥት ጋር በመሬት ጉዳይ ሲሟገት ብዙ ዘመን አልፏል። አንዳንዱ አሸንፏል፣ አንዳንዱ ተሸንፏል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ፍርድ ቤት አሸንፏል። በሁሉም ሙግት ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፦ «አንተን ምን አገባህ?» የናይሮቢ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኙት በአንድ ቀን አይደለም። መልሱ ለእኛም የሚሆን ስለሆነ መንገዱን አብረን እንየው።

ከተማዋ ለማን ተሠራች?

ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ጣቢያ ሆና ተቆረቆረች። ቅኝ ገዢዎቹ ከተማዋን የሸነሸኗት በዘር ነው። ከፍታውና ነፋሻማው ምዕራብ ለነጮች ሆነ፤ ሕንዶቹ የራሳቸው ክልል ተሰጣቸው፤ አፍሪካውያኑ ወደ ምሥራቁ ዝቅታ ተገፉ። አፍሪካዊው በገዛ አገሩ ከተማ እንግዳ ነበር። ሥራ እስካለው ይቆያል፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ገጠሩ ይመለሳል ተብሎ ይታሰባል። ኪፓንዴ የሚባለውን የመታወቂያ ወረቀት በቆርቆሮ መያዣ ከትቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞር ነበር። መኖሪያ ሲሠራለትም የታሰበው ብቻውን የሚያድር ሠራተኛ እንጂ ሚስትና ልጆች ያሉት አባወራ አልነበረም።

ይህን ያነሣሁት «ጊዜያዊ ነዋሪ» የሚለው ስም ለእኛ የተፈጠረ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ዛሬ እኛ የምንጠራበትን ስም ትናንት የአገሩ ሰው ራሱ ተጠርቶበታል። ጊዜያዊ የተባለ ሰው ስለ መሬት አይጠየቅም። ፕላን ሲነደፍ ሰፈሩ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ከነፃነት በኋላም ልማዱ ቀጠለ። የሕዝብ መሬት ለሹማምንትና ለወዳጆቻቸው እየተቆረሰ ሲታደል የኖረበትን ታሪክ በ2003 የተቋቋመው የንዱንጉ ኮሚሽን መርምሮ በ2004 ባቀረበው ሪፖርት ዘርዝሮታል። ደኑ፣ መናፈሻው፣ የመንገድ ዳሩ፣ የትምህርት ቤት ግቢው ሳይቀር ባለ ካርታ ሆኖ ተገኝቷል።

ኡሁሩ ፓርክ፣ 1989

በ1989 በከተማዋ እምብርት ባለው ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊሠራ ታቀደ። የገዥው ፓርቲ የካኑ ጽሕፈት ቤትና የፓርቲው ጋዜጣ የኬንያ ታይምስ ቢሮ ይኖርበታል፤ ሱቆች፣ አዳራሾች፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይኖሩታል፤ ከፊቱ የፕሬዚዳንት ሞይ ሐውልት ይቆማል ተባለ። ዘመኑ የአንድ ፓርቲ ዘመን ስለነበር ይህን የሚቃወም ሰው ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ዋንጋሪ ማታይ ግን ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። በ1977 የግሪን ቤልት ንቅናቄን የመሠረተች ምሁር ነበረች። ለጋዜጣው፣ ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት፣ ለከተማው አስተዳደር፣ ለሚኒስትሮች፣ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ ለእንግሊዝ አምባሳደር ሳይቀር ጻፈች። የምትለው ነገር ቀላል ነበር፦ ይህ መናፈሻ ግቢና በረንዳ የሌለው የናይሮቢ ሰው እሑድ ልጆቹን ይዞ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በፓርላማ ተሰደበች። ፕሬዚዳንቱም ተቃዋሚዎቹን በአደባባይ አጣጣሏቸው። ድርጅቷ ከቢሮው እንዲወጣ ተደርጎ ሥራው ወደ መኖሪያ ቤቷ ገባ።

ፍርድ ቤትም ሄዳ እግድ ጠየቀች። የተሰጣትን መልስ እንደ አስተማሪ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግረው ነው። ፍርድ ቤቱ ስለ ፓርኩ ገና ሳይነጋገር አንቺ በዚህ ጉዳይ የመክሰስ መብት የለሽም፣ በሕዝብ ስም መቆም የሚችለው ዋናው ዐቃቤ ሕግ ብቻ ነው ብሎ መዝገቡን ዘጋ። በእኛ አነጋገር «ምን አገባሽ?» ተባለች ማለት ነው።

ሆኖም ደብዳቤዎቹ ከፍርድ ቤቱ ርቀው ሄደው ነበር። ብድር ሰጪዎችና ለጋሽ አገሮች፣ ዕዳ የከበደው መንግሥት ለዚህ ሁሉ ፎቅ ገንዘብ ከየት ያመጣል ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ገንዘብ ሊያወጡ የነበሩት ከጀርባ አፈገፈጉ፤ ፕሮጀክቱ ቀረ፤ በኋላም አጥሩ ተነቀለ። ዛሬ ኡሁሩ ፓርክ ሄዳችሁ ሣሩ ላይ ስትቀመጡ የተቀመጣችሁት ሳይሠራ በቀረ ፎቅ ቦታ ላይ መሆኑን አስታውሱ።

ሙዎሮቶና ካሩራ

የኡሁሩ ፓርክ ድል ለድኻው ሰፈር ወዲያው አልደረሰም። በግንቦት 1990 በአውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ የነበረው ሙዎሮቶ የሚባል የቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር ፈረሰ። ነዋሪውና የከተማው አፍራሽ ኃይል ተጋጩ፤ የሃይማኖት አባቶች ድርጊቱን አወገዙ፤ ሰፈሩ ግን አልተመለሰም። ለሙዎሮቶ አስቀድሞ ደብዳቤ የጻፈለት አልነበረም። የነዋሪዎቹ ስም ዝርዝር በማንም እጅ አልነበረም። ጩኸቱ የተሰማው ቆርቆሮው መሬት ከነካ በኋላ ነው። በእኛ አገር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ዓይነት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በየሰፈሩ የሚኖሩ ሰዎች መገናኘት ጀመሩ። አንዱ ሰፈር ሲፈርስ የሌላው ሰፈር ሰው ሄዶ መቆም ተማረ። በ1996 ሙንጋኖ ዋ ዋናቪጂጂ፣ ማለትም የመንደርተኞች ኅብረት፣ ተመሠረተ።

በ1998 ደግሞ በከተማዋ ሰሜን ያለው ከ1,000 ሄክታር በላይ የሚሆነው የካሩራ ደን ውስጥ ለሀብታሞች ቤት የሚሆን ቦታ ተሸንሽኖ ለአልሚዎች መሰጠቱ ተሰማ። ማታይና ባልደረቦቿ ችግኝ ይዘው ደኑ ውስጥ ገቡ። በጥር 1999 በር ላይ የቆሙ ዱርዬዎች ጭንቅላቷን ፈነከቷት። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጥታ በገዛ ደሟ ፈረመች። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። በነሐሴ 1999 ፕሬዚዳንት ሞይ የሕዝብ መሬት ማደል መቆሙን አስታወቁ። ደኑ ተረፈ፤ በኋላም የአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበር ከደን አገልግሎቱ ጋር ሆኖ የሚጠብቀው የሕዝብ መዝናኛ ሆነ።

ካምቢ ሞቶ፦ የስም ዝርዝር ኃይል

አሁን ወደ እኛ አካባቢ እንምጣ። ከኢስሊ ብዙም ሳይርቅ፣ ከማታሬ ወዲያ፣ ሁሩማ ውስጥ ካምቢ ሞቶ የሚባል ሰፈር አለ። ትርጉሙ የእሳት ሰፈር እንደ ማለት ነው። የሙንጋኖ አባላት እዚህ የሠሩት ሥራ ለእኛ ለእድርተኞች እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ ጥቂት ጥቂት ሽልንግ የሚቆጥቡበት ቡድን አቋቋሙ። ቀጥለው ራሳቸውን ቆጠሩ። ቆጠራውን ያካሄዱት የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ በየበሩ እየሄዱ ማን ስንት ልጆች አሉት፣ ማን ባለቤት ነው፣ ማን ተከራይ ነው ብለው በቁጥር መዘገቡ።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ ከባድ ነበር። በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ቆርቆሮውን የሠራው ሰው ሌላ፣ የሚኖርበት ሰው ሌላ ነው። አንዱ አሥር ክፍል ያከራያል፤ አሥር ቤተሰብ ኪራይ ይከፍለዋል። አዲስ ቤት ሲሠራ ለማን ይሰጥ? ማታሬ 4ኤ የሚባለው ሰፈር በ1992 በጀርመን ዕርዳታ የተጀመረው የቤት ማሻሻያ ሥራ የተሰናከለው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ አከራዮቹ ገቢያችን ቀረ ብለው፣ ተከራዮቹም አልተጠየቅንም ብለው ተነሡበት። ካምቢ ሞቶዎች ግን ግንባታው ሳይጀመር ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ብዙ ክፍል ያለውም ተከራዩም አንድ አንድ ቤት ይደርሰዋል ብለው ተስማሙ። አከራዩ የጎዳው ቢመስልም የሚያገኘው ሕጋዊ ቤት ነው፤ ነገ በዶዘር የሚሄድ ቆርቆሮ አይደለም።

ሰዎቹ የሚሠራውን ቤት መጠኑን ሳይቀንሱ በጨርቅ ሠርተው አቆሙት። እናቶች ገብተው «ምድጃው የት ይሁን? አልጋው በዚህ በኩል ይገባል?» እያሉ አረሙት። እያንዳንዱ ቤት የሚያርፍበት ቦታ 4.5 ሜትር በ4.5 ሜትር ብቻ ስለነበር ወደ ላይ እንዲያድግ ተደርጎ ተነደፈ፤ አቅም ያለው ዛሬ፣ የሌለው በሌላ ጊዜ ፎቁን ይጨምራል። በ2003 ከከተማው ምክር ቤት ጋር ስምምነት ተፈረመና ግንባታው ተጀመረ። ምክር ቤቱ ከደንቡ ያነሰ ቦታ ላይ ቤት እንዲሠራ የፈቀደው ከፊቱ የቀረበው ነገር የተሟላ ስለነበር ነው፦ የሰው ዝርዝር፣ የቁጠባ ደብተር፣ የቤት ንድፍና የአከራይና የተከራይ ስምምነት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። እኛ ስደት ይዘነው የመጣነው ትልቁ ሀብት እድርና እቁብ ነው። መዝገብ እንይዛለን፣ ዳኛና ጸሐፊ እንመርጣለን፣ ያልመጣውን እንቀጣለን። መዝገቡ የሚወጣው ግን ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ካምቢ ሞቶዎች መዝገቡን ያወጡት ለመኖሪያ ነው።

ፍርድ ቤቱ በሩን ሲከፍት

በ2010 ኬንያ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀች። አንቀጽ 43 የመኖሪያ ቤት መብትን ሲደነግግ የሚጠቀመው ቃል «ማንኛውም ሰው» የሚል ነው። ማንኛውም ዜጋ አይልም። አንቀጽ 22 ደግሞ መብቱ የተጣሰ ማንኛውም ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌሎች ስም ወይም ለሕዝብ ጥቅም ሲል፣ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ይናገራል። ማታይ በ1989 «ምን አገባሽ?» የተባለችበት በር በሕግ የተከፈተው በዚህ ነው። እሷ በ2011 ያረፈችው ይህን አይታ ነው።

ሙቱርዋ የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ፤ ከገበያው አጠገብ ያለው የድሮ የባቡር ሠራተኞች መኖሪያ ነው። ቦታው በባቡር ድርጅቱ የጡረታ ፈንድ እጅ ገብቶ ስለነበር በ2010 ሊለማ ነው ተብሎ ተከራዮቹ በሦስት ወር እንዲወጡ ማስታወቂያ ወጣ። ማፍረስም ተጀመረ። ተከራዮቹ ተደራጅተው ከሰሱ። በ2011 እግድ አገኙ፤ በነሐሴ 2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት መብታቸው መጣሱን ወሰነ። ዳኛው ባለ መሬቱ መሬቱን እንዳያለማ አልከለከሉም። ያሉት፣ ሰዎቹ የሚወጡበት መንገድ በውይይትና ክብራቸውን በጠበቀ ሥርዓት ይሁን የሚል ነበር። ማፈናቀልን የሚመራ ሕግ አለመኖሩንም ነቀፉ። በ2016 የመሬት ሕጉ ተሻሽሎ መሬት ያለ ፈቃድ የያዘን ሰው እንኳ ለማስወጣት የሦስት ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ተደነገገ። አንድ የተከራዮች ክስ የአገር ሕግ እንዲሻሻል መንገድ ጠረገ ማለት ነው።

ሚቱ ቤል የሚባለው ሰፈር ታሪክ ደግሞ መራራ ነው። በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነበር። በ2011 በሰባት ቀን ልቀቁ ተባሉ። ነዋሪዎቹ ፍርድ ቤት ሄደው እግድ አወጡ። እግዱ እያለ በኅዳር ወር ሰፈሩ ፈረሰ። በ2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ በ2016 ይግባኝ ሰሚው ሻረው፤ በጥር 2021 የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት በሕዝብ መሬት ላይ ሰፍሮ ሰፈር የመሠረተ መሬት አልባ ሰው የመኖሪያ መብቱ ይጠበቃል ሲል ወሰነ። ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን በ2011 የስምንት ዓመት ልጅ የነበረ በ2021 አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ጎረቤቱ የሉም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው ለዚህ ነው፤ ዶዘሩ ከመጣ በኋላ የሚገኝ ፍርድ ለልጅ ልጅ ይጠቅማል እንጂ ያን ዕለት ማታ ጣራ አይሆንም።

ሙኩሩ፦ ከተቃውሞ ወደ ፕላን

በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ፣ በኢንዱስትሪው አካባቢ፣ ሙኩሩ የሚባሉት ሰፈሮች አሉ። መሬቱ ከአሥርተ ዓመታት በፊት ፋብሪካ እንዲሠሩበት ለግለሰቦችና ለኩባንያዎች በሊዝ የተሰጠ ነው። አብዛኛው ሳይሠራበት ቀረና ሰው ሰፈረበት። ነዋሪዎቹ፣ ሙንጋኖና አጋሮቹ፣ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው ዓመታት የፈጀ ጥናት አካሄዱ። ካወጡት ነገር አንዱ ድኻው ለአንድ ጀሪካን ውኃና ለመብራት በመደበኛ ሰፈር ከሚኖረው ሰው የበለጠ እንደሚከፍል ነው። «ድኻ ስለሆነ አይከፍልም» የሚለው ሰበብ በቁጥር ወደቀ።

በነሐሴ 2017 የናይሮቢ አስተዳደር ሙኩሩን ልዩ የፕላን ክልል ብሎ አወጀ። ለሁለት ዓመት አዲስ ግንባታ እንዲቆምና ፕላን እንዲዘጋጅ ተወሰነ። የተመዘገበው ቤተሰብ ከ100,000 በላይ ነበር፤ ከ40 በላይ ድርጅቶች ሥራውን ተከፋፈሉ። ነዋሪው ደግሞ አሥር አሥር ቤተሰብ እየሆነ ተደራጀ፤ የአሥሩ ተወካይ ወደ ላይኛው ስብሰባ ይሄዳል። ከውጤቱ አንዱን ልንገራችሁ። በመደበኛው ደንብ መሠረት መንገዶቹ ሰፋፊ ቢሆኑ ብዙ ሕዝብ ይፈናቀል ነበር። ነዋሪዎቹ ከባለሙያዎቹ ጋር ተከራክረው መንገዶቹ እንዲጠቡና የሚፈርሰው ቤት እንዲያንስ አደረጉ። ከ2020 ጀምሮ መንገድ፣ የፍሳሽ መስመርና ሆስፒታል ሲገቡ ብዙው ሥራ የተመራው በዚሁ ፕላን ነበር።

ተረት እንዳይመስላችሁ ጎኑንም ልንገራችሁ። በ2021 መጨረሻ ላይ በዚያው በሙኩሩ ክዋ ንጄንጋ ወደ አዲሱ ፈጣን መንገድ የሚያገናኝ መንገድ ለመሥራት ተብሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱ ፈርሶበት ሜዳ ላይ አደረ። ፕላኑ መሳቢያ ውስጥ እያለ ዶዘሩ ገባ። ፕላን ጠባቂ ካላገኘ ወረቀት ነው። አሥር አሥር ሆኖ የተደራጀው ሕዝብ ሥራው ያላለቀውም ለዚህ ነው።

ስደተኛውስ?

«ይህ ሁሉ የኬንያውያን ታሪክ ነው» የሚል አይጠፋም። ኢስሊን ማን ሠራት? በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የመጡ ስደተኞች ጋሪሳ ሎጅ የተባለ ማደሪያ ውስጥ ክፍል እየተከራዩ፣ ቀን አልጋቸውን እየገለበጡ ዕቃ መሸጥ ጀመሩ። ክፍሉ ሱቅ ሆነ፤ ማደሪያው የገበያ ሕንፃ ሆነ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ። እኛም ምግብ ቤቱን፣ ጸጉር ቤቱን፣ ቡናውንና እንጀራውን ይዘን በዚያው መስመር ገባን። የዚህን ሰፈር መሬት ያስወደደው የስደተኛው ላብ ጭምር ነው። «አያገባህም» የሚባለው ሰው ለቦታው ዋጋ የሰጠው ሰው ነው።

በከተማ የመኖር መብታችንም ቢሆን የመጣው በሙግት ነው። በታኅሣሥ 2012 መንግሥት በከተማ ያሉ ስደተኞች በሙሉ ወደ ዳዳብና ካኩማ እንዲሄዱ አዘዘ። ኪቱኦ ቻ ሼሪያ የተባለው የነፃ ሕግ ድጋፍ ድርጅት ከስደተኞች ጋር ሆኖ ከሰሰ። በሐምሌ 2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረው። በሚያዝያ 2014 የኡሳላማ ዋች አፈሳ መጥቶ ብዙ ሺህ ሰው ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ተወስዷል፤ ያን ያየ አይረሳውም። የ2013ቱ ፍርድ ግን ስደተኛ በኬንያ ፍርድ ቤት ቆሞ መንግሥትን ሊረታ እንደሚችል በመዝገብ አስቀምጦ አልፏል።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ። ከታሪኩ የምወስደው ነገር ይህ ነው፦ ያሸነፉት ሰፈሮች አጥሩ ሳይታጠር የተቆጠሩት፣ የተዋወቁትና የጻፉት ናቸው። እኛም ከዛሬ ጀምሮ ልናደርጋቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ።

በየግቢያችን ያለውን ሰው እንመዝግብ፤ ኢትዮጵያዊውን፣ ኤርትራዊውን፣ ሶማሊውን፣ ኮንጎውን፣ ኬንያዊውንም ጭምር። ኬንያዊ ጎረቤቱን ያላካተተ ዝርዝር ግማሽ ዝርዝር ነው፤ ካምቢ ሞቶ የቆመችው ተከራይና አከራይ አንድ መዝገብ ላይ ስለተጻፉ ነው። ኪራይ በእጅ ከመስጠት በኤምፔሳ እንክፈል፤ መልእክቱንም አናጥፋ። ውል ከሌለን እዚያ ቤት መኖራችንን የሚመሰክርልን እሱ ነው።

ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ሆቴል የተከራያችሁ ደግሞ ይህን በደንብ ያዙ። ውላችሁ በጽሑፍ ካልሆነ ወይም ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ከሆነ አከራዩ «ነገ ውጣ» ሊላችሁ አይችልም። በሕግ በተወሰነው ቅጽ ቢያንስ የሁለት ወር ማስታወቂያ መስጠት አለበት፤ ካልተስማማችሁ ጊዜው ሳያልቅ የንግድ ቤት ኪራይ ጉዳዮችን ወደሚያየው ልዩ ፍርድ ሰሚ መሄድ ትችላላችሁ። ብዙ ወገኖቻችን ያወጡበትን እድሳት ጥለው የወጡት ይህን የሚነግራቸው ሰው ስላጡ ነው።

የግንባታ ወይም የአገልግሎት ለውጥ ማስታወቂያ ግቢው በር ላይ ሲለጠፍ አልፈነው አንሂድ፤ ፎቶ እናንሣው፣ አስተያየት የሚቀርብበትን ቀን እንይ፣ እንጻፍ። የሰፈር ባራዛ ሲጠራ አንድ ሰው እንላክ። ስዋሂሊ የሚችሉ ልጆቻችን ቁጭ ብለው ይተርጉሙልን። ነገሩ ሲከብድ ደላላ ጋ ከመሮጥ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ጠበቆች ጋ እንሂድ።

ባለ መሬቱ መሬቱን አያልማ ማለቴ አይደለም። ከተማ ያድጋል፤ የተሰነጠቀ ግቢ ውስጥ ለአርባ ሰው አንድ ሽንት ቤት ይዘን መኖርም ክብር አይደለም። የምንጠይቀው ጊዜ፣ ማስታወቂያና ከመፍረሱ በፊት መጠየቅ ነው። ይህንኑ የአገሩ ሰው ጠይቆ፣ ተደብድቦና ተሟግቶ በሕግ አስጽፎታል። የተጻፈው ቃል ደግሞ «ማንኛውም ሰው» ይላል።

አገር ቤት ላላችሁ ዘመዶቻችንም አንድ ቃል። በ2024 የዶሮ ማነቂያና የካዛንቺስ ሰዎች ከሰፈራቸው ሲነሡ ከቤቱ ጋር የብዙ ዓመት እድርም አብሮ ተበትኗል። የተበተናችሁበት ቦታ ላይ መዝገቡን መልሳችሁ ሰብስቡት። ሰፈር የሚባለው ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ እርስ በርስ ስሙን የሚያውቅ ሰው ነው።

በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችሁ የግቢያችሁን ሰዎች ስም በአንድ ደብተር ላይ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ በውስጥ መስመር «ጨርሰናል» በሉኝ፤ ቀጣዩን አብረን እንመክራለን። እስከዚያው ጽሑፉን ለሚጠቅመው ሰው አድርሱልኝ።

ሰላማችሁ ይብዛ።